ከየትኛው ጫፍ?

የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሲያለብሰው፣
ጠመኔ የጨበጠ ጣቴን ብርድ ሲልሰው፣
ዐሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል፣ ፊት ለፊቴ ስልሳ ሰው፣
ካርቦንን አቆምሁት፤ «እጁ አራት ነው» አልሁኝ፤
«ከአራቱ አንዱም እንኳ ባዶውን አያድርም፣ ይኸን ያዙልኝ፤
ወይ ወንድሙን ይይዛል፣ ወይ ሃይድሮጅን ያቅፋል፣
አራቱም ሲያዙለት ያን ጊዜ ‹ጠገበ› ይባላል።»

ከኋላ ወንበር አንዱ፦ «የጠገበማ ይማታል!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ይኼኛው ጠግቦ አይማታም፤
አሲድ ቢሰድበው መልስ የለው፣ ቤዝ ቢያባብለው አይሰማም፤
አርፎ ይቀመጣል፣
ክብሪት እስኪያይ።

ሜቴን አንድ ብቻውን፣ ከቦርከና ረግረግ አረፋ ሆኖ የሚነሣ፤
ቡቴን አራት ሆኖ፣ በሲሊንደር ታሽጎ የሚሸጠው ፒያሳ፤
ከአምስት ወዲያ ይፈስሳል፣ በቦቴ ሆድ ይናወጣል፤
ከዐሥራ ሰባት ወዲያ ረግቶ፣
መብራት የሄደ ማታ ሻማ ሆኖ ይመጣል።
(ደሴ ሲሆንማ፣ በክረምት፣ ከዚያም በፊት ይረጋል።)

«ረጅሙ ለምን ይረጋል?» ሉባባ ነች፣ ከመስኮቱ ሥር።
«አንድ አልጋ ላይ እንደተኙ ወንድማማቾች አስቢው፤
ጎን ከጎን ሲገጥም ገላቸው፣
አንዱን ላስነሣ ብትዪ ሌላው ይይዝብሻል።
ቅርንጫፍ ያለው ግን ክርኑ አያስጠጋም፤
ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎ ይሄዳል።»
ጻፈችው። ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

ሰንሰለቱን በሰሌዳው ቀጥ አድርጌ ስዘረጋ፣
«ቲቸር፣ ሐረጎ ቀጥ ይላል እንዴ?» አለችኝ ጣቷን ዘርግታ።
የቦቴ ሾፌር ልጅ ናት፤ ታውቃለች።
አጠፋሁትና አጣጠፍሁት፤ ላይ ታች፣ ላይ ታች፣
በየመታጠፊያው አንድ ካርቦን፣
ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ መንገድ።

ስም አወጣጡ ላይ ስንደርስ ደጋግሜ አልሁ፦
«ረጅሙን ሐረግ ፈልጉ፣ እሱ ነው ግንዱ፤
የወጣውን ጠይቁት፣ ከስንተኛው ላይ ነው መንገዱ?
ከሁለቱ ጫፍ ግን ቁጥሩን ከሚያሳንሰው ጀምሩ፤
እጃችሁ ስለለመደ ከግራ አትቁጠሩ።»
የቤት ሥራ፦ ስምንት ካርቦን፣ አንድ ቅርንጫፍ።

ሉባባ ካርቦን አልጻፈችም።
ጅቡቲ፣ ጋላፊ፣ ሰርዶ፣ ሎጊያ፣
ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፤
ሾፌር ይማም ነዳጅ ጭኖ ሃያ ዓመት የተመላለሰበት።
ከሚሌ ጎን፣ ወጣ ብሎ፣ አንድ ነጥብ ነበረበት፤
ከምንም ጋር ያልተያያዘ።

«ይኼስ?»
«ሜቲል ነው» አለች። «አንድ ብቻ።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

ክፍሉ አልሰማም።
ግማሽ ማርክ ቀነስሁባት፤ ምን ላድርግ፣
ጭረት ከሌለ ትስስር የለም።
«አባቴ ሁሌ ከወደቡ ነው የሚቆጥር» አለች፣ አንገቷን ደፍታ፤
«ሲጠየቅ፣ ‹ሚሌማ አምስተኛ ነው፣ በረሃ ነው፣ ማን ይደርሳል› ብሎ ይረታ።
በእኛ በኩል ግን...»
ጣቷን ከደሴ አነሣች፤ ቧንቧ ውሃ ካለው ቤታቸው፣
እናቷ ነገሩን ሰምታ ከማታነሣበት፤
ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ።
አራት።

«ሕጉ የትንሹ ነው፣ አይደል ቲቸር?»
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«የትንሹ ነው።»

ደወሉ ተደውሎ ወንበር ሲንኳኳ፣ ስልሳው ሰው በበሩ ሲጋፋ፣
ጠመኔዬን ተቀበለችኝ።
ስምንቱን ከተማ ሰሌዳው ላይ አጣጥፋ አሰፈረች፤
ነጥቡንም አኖረች።
ከዚያ፣ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ እንደሚወርድ ቦቴ፣
ፍሬን እየያዘች፣
ከሚሌ እስከ ነጥቡ አንዲት ጭረት ሳበች።

«ስሙን ጻፊበት» አልኋት፤ እኔ ፈተናውን ነው ያሰብሁት።
ጻፈች፦ ሁመድ ይማም።
ቆይታ ደግሞ፣ ከሥሩ፣ ለማርኩ ያህል፦
4-ሜቲል ኦክቴን።